የሆርሞን ችግር ያለበትን ታካሚ ጤና ጣቢያ ላይ በምን ትለዩታላችሁ?

ሲስተር ከቾቄ ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምሥራቅ ጎጃም፣ ቾቄ ሥር ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የምሠራ ነርስ ነኝ። አንዴ ትሪያጅ (የታካሚ መለያ)፣ አንዴ ተመላላሽ ክፍል ያዞሩናል። ግራ የገባኝን ልጠይቃችሁ።

ኮሌጅ እያለን ኢንዶክራይን፣ ማለት የሆርሞን ዕጢዎችን ትምህርት ተምረናል። አእምሮ ሥር ያለው ፒቱታሪው፣ አንገት ላይ ያለው ታይሮይዱ፣ ኢንሱሊን የሚሠራው ፓንክሪያሱ፣ ኩላሊት ላይ ያለው አድሬናሉ፣ ሁሉንም ሸምድጄ ፈተናውን አልፌዋለሁ። እዚህ ግን «ሆርሞኔ ተዛብቷል» ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። የሚሉት «ይደክመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው። ይህን ደግሞ የወረዳው ግማሽ ሕዝብ ይለዋል። ከዚያ ታይፎይድ ነው፣ ጋስትሪክ ነው ተብሎ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል።

በቀደም ከላይ ከደጋው አንዲት እናት መጣች። ጠዋት ነው፣ እኛ ጋቢና ሹራብ ደርበን እየተንቀጠቀጥን እሷ ስስ ነጠላ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ግንባሯ ያልባታል። ትኩሳት የላትም። ልቧ በደቂቃ 118 ይመታል። የወባ ምርመራ ተላከች፣ ነጻ ናት። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምጠይቃት ጠፋኝ።

ያለኝ የግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ ስትሪፕ ሲኖር ደግሞ ግሉኮሜትር ነው። የታይሮይድ የደም ምርመራው ቲኤስኤች እኛ ጋ አይሠራም። ልምድ ያላችሁ ምን ምን ትጠይቃላችሁ? እጃችሁስ የት የት ይሄዳል? የመጽሐፉን ዝርዝር አትላኩልኝ፣ እሱ አለኝ።


የድሮ ነርስ (ማርቆስ)፦

እሰይ የኔ እህት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይላል። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ሻይ ያዢ።

ሆርሞን በደም ስለሚዞር ጣጣውም አንድ ቦታ አይቀመጥም። ልብ ላይ፣ አንጀት ላይ፣ ቆዳ ላይ፣ ወር አበባ ላይ፣ ጠባይ ላይ ሳይቀር ባንዴ ይታያል። ታካሚዋ ግን አታያይዘውም፣ የባሰባትን አንዱን ብቻ ነው የምትነግርሽ። ስለዚህ «የት ነው የሚያምሽ?» ብለሽ ከጀመርሽ ልቤን ትልሻለች፣ አንቺም ካርዱ ላይ ልብ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ አለቀ። እኔ የምጠይቀው «አምና በዚህ ጊዜ እንዴት ነበርሽ? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠብሽ?» ብዬ ነው። ጊዜውን ማስታወስ ከከበዳት በበዓልና በሥራ አስታውሻት፤ ጥምቀት ላይ፣ ፋሲካ ላይ፣ አጨዳ ላይ እንዴት ነበርሽ በያት።

ሙቀትና ብርድ መጠየቅም ብልሃት አለው። ዓባይ በረሃ ዳር ያለ ሰው «ይሞቀኛል» ቢልሽ ምንም አልነገረሽም፣ ከደጀን ቁልቁል ማን የማይሞቀው አለ? ቾቄ ላይ «ይበርደኛል» ማለትም እንደዚያው ነው። «ቤት ውስጥ ካሉት ተለይቶ ይሞቅሻል ወይ?» በያት። ሁሉም እሳት ዳር ሲሰበሰብ እሷ በሩ ጋ ትቀመጣለች? ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍታ ትጥላለች? ባሏ አብሮ ከመጣ እሱን ጠይቂ፣ አብሯት የሚተኛው እሱ ነው።

ክብደት ላይ ሚዛን አለሽ፣ ግን የአምናው ኪሎ ካርዱ ላይ የለም። የሰውየውን ቀበቶ እዪ። በቤት ውስጥ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ካለ ከስቷል ማለት ነው። ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ የከሳው ምግብ አስጠልቶት ነው ወይስ እየበላ? ከድሮው አብልጦ እየበላ የሚከሳ ሰው ሲገጥምሽ ታይሮይድንና ስኳርን አስቢ። ስኳር ከሆነ ውሃ ጥሙና ሽንቱ አብረው ይመጣሉ። እዚህም ላይ «ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላሉ?» ከማለት «ሌሊት ስንት ጊዜ ወደ ደጅ ይወጣሉ?» ማለት ይሻላል። ጅብ በሚጮህበት ሰፈር ሌሊት መውጣት አይረሳም።

ሌላው መታወቂያ ነው። ሳቂብኝ፣ ግን እውነቴን ነው። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ተቀበዪና ፊት ለፊትሽ ካለው ሰው ጋር አስተያዪው። ዓይኑ ወጥቷል? ፊቱ አብጦ ክብ ሆኗል? አፍንጫውና አገጩ ገዝፏል? ቀስ እያለ የሚመጣን ለውጥ ታካሚውም ቤተሰቡም ልብ አይሉትም፣ በየቀኑ እያዩት ምኑን ያውቁታል። ፎቶው ግን አይሸሽግም። የእጅና የእግር መግዘፍ ከጠረጠርሽ ደግሞ ቀለበቱ ይገባ እንደሆነ፣ የጫማ ቁጥሩ ጨምሮ እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን ወደ እጅሽ። ስትጨብጫት ጀምሪ። የታይሮይድ ሆርሞን የበዛባት ሴት እጇ ሞቅ ያለና እርጥብ ነው። በጭንቀት የሚያልባት ደግሞ እጇ እርጥብ ሆኖ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ጣቶቿን ዘርግታ እጆቿን ወደ ፊት ታድርግ፣ በላዩ ወረቀት ጣል አድርጊበት። ቀጭን መንቀጥቀጥ በዓይን ካላየሽውም ወረቀቱ ይነግርሻል። የልብ ምቱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፣ 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በአራት ማባዛቱን ተዪው። ምቱ ወጥ ያልሆነ ልብ በ15 ሰከንድ አይገኝም፣ ታይሮይድ ደግሞ ያን ዓይነት ምት ማምጣት ይወዳል። ወጥ ካልሆነብሽ አንድ ሰው ደረቷ ላይ ያዳምጥ፣ አንቺ እጇ ላይ ቁጠሪ፣ ልዩነቱን ጻፊ።

ዓይኗን እዪ። ቀጥ ብላ ስታይ ከጥቁሩ በላይ ነጩ ከታየ መዝግቢ። ጣትሽን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገሽ አውርጂ፣ በዓይኗ ትከተልሽ። ዓይኑ ወርዶ ቆቡ ወደ ኋላ ከቀረ ምልክት ነው።

አንገት! ያቺ እናት ነጠላውን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነው የመጣችው አላልሽም? የኛ አገር ሴት እንቅርቷን በነጠላ ትሸፍናለች። ንቅሳትም ታገኛለሽ፣ አንዳንዷ እንቅርቱ እንዲጠፋ ተብሎ የተነቀሰችው ነው። ነጠላውን በፈቃዷ አስፈቺ። ማተቡን ወደ ጎን ብቻ ገፋ አድርጊው፣ እንዳትፈቺው። ፊት ለፊቷ ሆነሽ አንድ ጉንጭ ውሃ ስትውጥ እዪ፤ ታይሮይድ ከሆነ እብጠቱ ሲዋጥ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ከኋላዋ ቁሚና በሁለት እጅሽ ጣቶች ዳስሺ፣ ደግማ ትዋጥ። ለስላሳ ነው ወይስ ጓል ጓል ያለው? አንድ ወገን ነው ወይስ ሁለቱም? በስቴቶስኮፕ አዳምጪው፣ ሹሹታ ካለ ደም በብዛት እየሄደለት ነው። መጠኑን በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ መጻፍ ቀላል ነው፦ አይታይም አይዳሰስም ከሆነ ዜሮ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሳይታይ በእጅ ከተገኘ አንድ፣ ቀጥ እንዳለች ከታየ ሁለት። «እንቅርት አላት» ብቻ ብለሽ አትላኪ። ድምጿ መጎርነኑን፣ መዋጥ ማስቸገሩን፣ ስትተኛ ትንፋሽ ማጠሩንም ጨምሪበት።

የሆርሞኑ ማነስ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ይበርዳታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ሳትበላ ትወፍራለች፣ ቆዳዋ ይሻክራል፣ ድምጿ ይወፍራል፣ የወር አበባዋ ይበዛል፣ ልቧ ቀስ ይላል። ይህቺን ሴት ሁሉም «ሰነፍ ሆነች» ነው የሚላት። የተረከዟን ጅማት በመዶሻ ስትነኪው እግሯ ቶሎ ይረገጥና ሲመለስ ይዘገያል። መዶሻ ከሌለሽ የስቴቶስኮፕሽ ጠርዝ ይበቃል።


ጤና መኮንን ነኝ፦

ጥሩ ተጽፏል፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ነርሱ ሁሉ ታይሮይድ ታይሮይድ እያለ ሪፈር ከጻፈ ሆስፒታሉ በሰው ሊጥለቀለቅ ነው። ላብና መክሳት እኛ አገር መጀመሪያ ቲቢ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ ይላክ። ኤችአይቪ ይታይ። የልብ ምት መጨመርን ደም ማነስም ያመጣዋል፣ የዓይኗን ቆብ ገልብጠሽ እዪ። እርግዝናም አለ። ምርመራ የሌለበት ጤና ጣቢያ ቁጭ ብሎ በሽታ ስም ማውጣት የነርስ ሥራ አይደለም።

ወረፋ የማይጠብቁትን ግን ነርሷ ከማንም ቀድማ ማወቅ አለባት። አንዱ የስኳር አጣዳፊው ነው። የሚያስመልሰው፣ ሆዱን የሚያመው፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን የሆነ፣ አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት ልጅ መጥቶ የሆድ ሕመም ተብሎ ወረፋ ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ስኳሩን ለኪ፣ ኖርማል ሳላይን ክፈቺለት፣ ሰው አብሮት ይሂድ። ሁለተኛው የታይሮይድ መድኃኒቱን አቋርጦ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ይዞት በትኩሳት የሚነድ፣ ልቡ የሚሮጥ፣ የሚቃዥ ሰው ነው። ሦስተኛው ግፊቱ ወርዶ በፈሳሽ የማይነሳ፣ ስኳሩም የወረደ፣ የሚያስመልሰው ሰው ነው፤ እሱን «ስቴሮይድ ስትወስድ ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ራሱን የሳተ ማንም ሰው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ከማሰብሽ በፊት ጣቱን ወግተሽ ስኳሩን እዪ። ከ70 በታች ሆኖ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪው። መዋጥ የማይችል ከሆነ በአፉ ምንም አይግባ፣ 40 ፐርሰንቱን ግሉኮስ በደም ሥር ነው።


የድሮ ነርስ (ማርቆስ)፦

@ጤና መኮንን ቲቢውን ያልከው ልክ ነህ፣ አልጨቃጨቅህም። የሁለተኛውን ግን አልቀበልም። በሽታ ስም አውጪ ማን አላት? አሰስመንትና ዲያግኖሲስ፣ ያዩትን መመዝገብና በሽታውን መሰየም፣ ለየቅል ናቸው። «ሃይፐርታይሮይድ» ብላ አትጽፍም፤ «ምት 118 ወጥ ያልሆነ፣ እየበላች 8 ኪሎ የቀነሰች፣ እጅ ሞቃትና እርጥብ፣ እንቅርት ደረጃ 2 ሁለቱም ወገን» ብላ ትጽፋለች። ይህን ይዛ ወዳንተ ክፍል ስትገባ አንተ አራት ደቂቃ ነው ያለህ፣ ከውጭ ሃምሳ ሰው ቆሟል። ያቺን ወረቀት ባታገኝ አንተም ጋስትሪክ ብለህ ነው የምትሸኛት።


ጤና መኮንን ነኝ፦

እሺ እትዬ፣ አራት ደቂቃዋ ላይ ተሸነፍኩ 😄


የቡሬዋ፦

እኔ ታካሚ ነኝ፣ ነርስ አይደለሁም፣ ይቅርታ መሃል ስለገባሁ።

ልቤ ይመታል፣ እቆጣለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም ብዬ ስንት ቦታ ሄድኩ መሰላችሁ። አንዱ ጋ ነርቭ ነው አሉኝ። ሌላው ጋ ሐሳብ አታብዢ አሉኝ፣ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀነስ ግን የነገረኝ የለም። ጎረቤት ደግሞ ዓይን ነው አለ። ጸበል ገባሁ። በመጨረሻ ያወቀችብኝ ግፊት የምትለካ ልጅ ናት። ኩፉን እያሰረች እጄን አየችና «እቴቴ፣ ጣቶችሽን ዘርጊልኝ እስቲ» አለችኝ። የካርድ ወረቀት ጣለችበት። ወረቀቱ ሲርገበገብ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ከዚያ በሩን ዘጋችና ነው የጠየቀችኝ። የወር አበባዬ መዛባቱን፣ ቀን ቀን ሆዴ ቶሎ ቶሎ መሄዱን፣ ደረጃ ስወጣ ጭኔ የሚከዳኝ መሆኑን አንድ በአንድ አወጣችው። እኔ እኮ እነዚህን ከልብ ምቴ ጋር አንድ ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁለት ነገር ልለምናችሁ ነርሶች። ወረፋ ሙሉ ሰው እየሰማ «ወር አበባሽ ይመጣል?» አትበሉን። ገበያ የምንገናኝ ሰዎች ነን፣ ማን እውነቱን ይነግራችኋል? ሌላው ጸበሉን አትንቀፉብን። ያቺ ልጅ «ጸበሉን ጠጪ፣ ክኒኑንም አብረሽ ዋጪ፣ አይጣሉም» አለችኝ፣ ሁለቱንም አደረግኩ። ሌላ ቦታ ተቆጥተውኝ ቢሆን ክኒኑን ነበር የምተወው። ፒቲዩ የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን መቀነሻ ክኒን ስጀምር ደግሞ «ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣብሽ ጉንፋን ነው ብለሽ ቤት እንዳትቀመጪ፣ ክኒኑን አቁመሽ በዚያው ቀን መጥተሽ ደምሽ ይታይ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ለምን እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ።


የድሮ ነርስ (ማርቆስ)፦

@የቡሬዋ ተባረኪ። ያ መድኃኒት አልፎ አልፎ የነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርደዋል፣ ለዚያ ነው። እያንዳንዱን ነርስ እንዳንቺዋ ሲስተር ያድርገው።


ሞጣ ተወላጅ፦

እንቅርት ከተነሳ አይቀር እኔም ልጠይቅ። ጨው ሁሉ አዮዲን ገባበት ከተባለ ስንት ዓመቱ። ታዲያ የእናቶቻችን አንገት ምነው አልጎደለ? ወሬ ብቻ ነው እንዴ?


የላብ ልጅ፦

@ሞጣ ወሬ አይደለም፣ ግን ከደንቡ እስከ ወጡ መንገዱ ረጅም ነው። የጨው አዮዲን ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም ነው። ጨዉ በአብዛኛው አፋር፣ አፍዴራ ላይ ይመረታል። ከዚያ በጆንያ ተጭኖ እኛ ገበያ ደርሶ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። አዮዲን ደግሞ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይጠፋል። አንዳንድ ቤት ጨው ታጥቦ ነው የሚገባው፣ ከታጠበ ምን ቀረው። ስለዚህ ደረቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ሌላው፣ ከድሮ ጀምሮ ያለና ጓል ጓል የሠራ እንቅርት በጨው ወደ ኋላ አይመለስም። ጨዉ የሚጠቅመው በዋናነት ለሚመጣው ትውልድ ነው፣ በተለይ ለእርጉዞችና ለሕፃናት። የልጅ አእምሮ የሚሠራው በዚያ ሆርሞን ነውና። እንዲያውም ነርሶቹ ይህን ልብ በሉ፦ አዮዲን ርቦት የኖረ አሮጌ እንቅርት አዮዲን በብዛት ሲያገኝ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ማምረት ሊጀምር ይችላል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ እንቅርቱ ከልጅነት ጀምሮ ያላቸው እናት በቅርቡ ልባቸው ቶሎ ቶሎ መምታት ከጀመረ «የቆየ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

የላብራቶሪ ነገር ደግሞ እኔው ልናገር። አዲስ ነርሶች ቲኤስኤች ሲያዩ ይገለበጥባቸዋል። ቲኤስኤች የሚመጣው ከፒቱታሪ ነው፣ ታይሮይዱን «ሥራ!» ብሎ የሚጮህበት አለቃ ነው። ሠራተኛው ከሰነፈ ጩኸቱ ይበዛል፣ ሠራተኛው ከልኩ በላይ ከሠራ አለቃው ዝም ይላል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ካለ ታይሮይዱ አንሷል፣ ወደ ዜሮ ከወረደ በዝቷል። አብዛኛው ላብራቶሪ ከ0.4 እስከ 4 ያለውን ጤናማ ይለዋል፣ ግን ውጤቱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ክልል ተከተሉ። የመድኃኒት መጠን ተቀይሮ በሳምንቱ ደም የሚልኩ አሉ፣ አትድከሙ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካልቆየ አይረጋም። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የሚውጡ ሴቶችም ውጤቱን ያዛቡብናል፣ ጠይቃችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉልን።

ግሉኮሜትር የምትጠቀሙ ደግሞ ጣቱን በሳሙና አሳጥቡ። ማር ቆርጦ ወይ ሸንኮራ ልጦ የመጣ ሰው ጣት ላይ ያለው ስኳር ቁጥሩን ሰማይ ያደርሰዋል፣ አልኮል መጥረጉ ብቻ ሁልጊዜ አያስለቅቀውም። እኛ ደግሞ የማር አገር ሰዎች ነን። ምልክት በሌለው ሰው ላይ ቁጥር ከፍ ካለባችሁ እጁን አሳጥባችሁ ድገሙት። ሳይበላ 126 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ሁለቴ ከመጣ ስኳር ነው። ሲጠማውና ሽንቱ ሲበዛ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱ ይበቃል።


ሲስተር ከቾቄ ሥር፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። ያቺን እናት በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል አስጠራኋት። ነጠላውን ስትፈታ እንቅርቱ ከሩቅ ይታያል፣ ደረጃ 2 ነው። እጇ ትኩስና እርጥብ ነው፣ ወረቀቱም ተርገበገበ። ሳል የላትም፣ ደም ማነስ የለባትም። እንዳላችሁት አድርጌ ሪፈር ጽፌ ከጤና መኮንናችን ጋር ልከናታል።

ከታይሮይድና ከስኳር ውጭ ያሉትስ? አድሬናሉና ፒቱታሪው እዚህ ይመጣሉ ወይስ የመጽሐፍ ጌጥ ናቸው?


ዋርድ ነርስ (ባሕር ዳር)፦

ይመጣሉ፣ እኛ ጋ ሜዲካል ዋርድ ላይ ተኝተው እናገኛቸዋለን። ከናንተ በኩል አልፈው ነው የሚመጡት።

ፒቱታሪው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ብትይዢ ብዙ ትጠቅሚያለሽ። ሁልጊዜ የምትደክም፣ የሚበርዳት፣ ስትነሳ የሚያዞራት፣ ግፊቷ ዝቅ ያለ፣ የወር አበባዋ የቀረ ሴት ስትመጣ «መጨረሻ ስትወልጂ ደም ፈሶሽ ነበር? ከወለድሽ በኋላ ጡትሽ ወተት ሰጠ?» ብለሽ ጠይቂ። ቤቷ ወልዳ ብዙ ደም ፈሷት፣ ለሞት ደርሳ የተረፈች ሴት ፒቱታሪዋ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ወተት አይመጣም፣ ወር አበባ አይመለስም፣ የብብቷ ፀጉር ይረግፋል። ዓመታት አልፈው ነው የሚታወቀው። ቤተሰብ ደግሞ «አራስ ቤት የያዛት ነው» ብሎ ይተዋታል። እንዲህ ዓይነቷን ከጠረጠርሽ ስኳሯንና ግፊቷን ተኝታም ቆማም ለኪና ላኪ። የታይሮይድ ሆርሞን አንሷል ተብሎ መጀመሪያ የሆርሞኑ ምትክ ክኒን ታይሮክሲን ቢጀመርላት፣ አድሬናል የሚሠራው ሆርሞን ኮርቲዞል ስለሌላት ክፉ ቀውስ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። የወሊድ ታሪኳን ሪፈሩ ላይ መጻፍሽ ሐኪሙ ከኮርቲዞሉ እንዲጀምር ያደርገዋል።

አድሬናሉ ማነስ ላይ ቲቢ የነበረበትን ሰው አስቢ። ይጠቁራል፣ ፀሐይ የማይነካው ቦታ ሳይቀር። መዳፉ ላይ ያሉትን መስመሮች፣ ድዱን፣ አሮጌ ጠባሳዎቹን እዪ። ጨው ያምረዋል። በቆመበት ግፊቱ ይወርዳል።

መብዛቱ ግን በአብዛኛው ራሳችን የምንሠራው በሽታ ነው። ዴክሳ፣ ስቴሮይዱ! ለመወፈር ብለው የሚውጡት፣ ለቁርጥማት ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙት፣ ፊት ለማቅላት የሚቀቡት ክሬም ውስጥ ያለው። ፊቷ ክብ ብሎ ያበጠ፣ ሆዷ ገፍቶ እግሯና ክንዷ የቀጠነ፣ ሆዷ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ መስመሮች ያሉባት ልጅ ስታዪ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብትያት አልወስድም ትልሻለች። መወፈሪያ ናት እንጂ መድኃኒት ናት ብላ አታስብማ። «ለውፍረት፣ ለፊት፣ ለቁርጥማት የገዛሽው ነገር አለ?» በያት። ካለ ደግሞ በቁጣ «ዛሬውኑ አቁሚ!» እንዳትያት። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አድሬናሉ ተኝቷል፣ በድንገት ካቆመ ጤና መኮንኑ ሦስተኛ ያለው ዓይነት ሆኖ ይመጣል። በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

ስኳር ላይ ደግሞ ጾሙን አንርሳ፣ ጎጃም ላይ ነን። «ይጾማሉ?» ብትያቸው የሚከለክሏቸው መስሏቸው አልጾምም ይላሉ። እኔ የምለው «ሁዳዴ ላይ መርፌውን ስንት ሰዓት ይወጋሉ? ከዚያ ስንት ሰዓት ይበላሉ?» ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ቅዳሴ የሚቆሙ አባት አሉ። የሚወድቁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሰዓቱን ካወቅሽ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ተነጋግሮ መላ ይገኛል።

ጫማም አስወልቂ። ኮንጎ ጫማ ውስጥ እጅሽን አስገብተሽ ዳብሺ። ጠጠር ታገኛለሽ፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲረግጠው ውሎ አልተሰማውም። እግሩ ስሜት እንደሌለው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ።


ሲስተር ከቾቄ ሥር፦

ጠጠሯ 😳 ነገ ጫማ ማስወለቅ እጀምራለሁ።

የመጨረሻ፣ ቃሌ ነው። የእርግዝና ክትትል ክፍል ላይ እንቅርት ያላት ነፍሰ ጡር ስትመጣስ? ሚድዋይፏ «የሁሉም አንገት እንዲህ ነው» ብላ ታልፋቸዋለች።


የድሮ ነርስ (ማርቆስ)፦

አታሳልፊያቸው፣ ግን አታስደንግጫቸው። እንቅርቱን በደረጃ ጻፊ፣ የልብ ምቷን ቁጠሪ። እርግዝና ራሱ ምቱን ትንሽ ስለሚጨምረው ከ100 በላይ ተቀምጦ የሚቀር ከሆነ ነው የሚያሳስበው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስታወኩ ከልክ አልፎ ክብደቷ እየቀነሰ ልቧም የሚሮጥ ከሆነ አልትራሳውንድም ታይሮይድም ይታይላት፣ ወይን መሰል እርግዝናም (የእንግዴ ልጁ እንደ ወይን ዘለላ የሚያብጥበት) እንደዚህ ያደርጋል።

ከዚህ በፊት የታይሮይድ መድኃኒት ጀምራ የነበረች ከሆነ «አርግዣለሁ ብዬ ተውኩት» ብላ ነው የምትመጣው። ታይሮክሲን የምትወስድ ከሆነ እንዳታቋርጥ፣ እንዲያውም በእርግዝና መጠኑ ስለሚጨምር ቶሎ ሐኪም ጋ ትሂድ። ክኒኑን በባዶ ሆዷ በውሃ ትዋጥ፣ ቡናውም ቁርሱም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ክፍል የምትሰጧትን የብረት ክኒን ደግሞ አራት ሰዓት አራርቂው፣ አብረው ከተዋጡ ታይሮክሲኑ ሳይመጠጥ ይቀራል። ማታ ብረቱን ብትውጥ ይቀላታል። የሆርሞን መብዛት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ የሚመረጠው ፒቲዩ ነው፣ የትኛውን እንደምትወስድ ብልቃጡን ይዛ እንድትመጣ ንገሪያት።

ሚድዋይፏን አትጣያት፣ ቡና አፍይላትና ይህን አንብቢላት። የሪፈር አጻጻፍ ናሙና በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ነገ ዲዩቲ ነኝ፣ ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪ።